እንቅልፍ እምቢ ሲል፦ አልጋ ላይ መታገል ለምን አያዋጣም?

 

ያደግሁት ከወረታ ወጣ ብሎ ቁሐር ሚካኤል አካባቢ ነው። ፎገራን የሚያውቅ ሰው ሩዙን ያውቃል፤ የክረምቱን ውሃም ያውቃል። አባቴ ሩዙ ታጭዶ አውድማ ላይ ሲከመር ማታ ማታ እዚያው ያድራል። ገለባ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ጋደም ይላል፣ ውሻ ሲጮህ ተነስቶ ዞር ዞር ይልና ተመልሶ ይተኛል። እናቴ ደግሞ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ከሸፈኑበት ከ1998ቱ ክረምት ወዲህ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ዓይኗ አይከደንም። እኔ የአባቴን እንቅልፍ የወረስኩ ይመስለኝ ነበር፤ ሁለተኛ ዓመት እስክገባ ድረስ።

በዚያ ዓመት ወደ አገር ቤት ኔትወርክ ተቋርጦ ለሦስት ሳምንት ያህል የቤተሰቦቼን ድምፅ ሳልሰማ ቆየሁ። ብዙዎቻችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ስልኬን ትራስ ስር አድርጌ ስገላበጥ ይነጋል። በመጨረሻ ተደወለ፤ ሁሉም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ያን ቀን ማታ ጥሩ እንቅልፍ እንደምተኛ እርግጠኛ ነበርኩ። አልተኛሁም። በማግስቱም አልተኛሁም። ምክንያቱ ሄዶ በሽታው ቀረ። ወሩ ሲያልቅ የባሰው ነገር መጣ፦ ሌሊቱን ፈጥጬ አድሬ ወደ 10 ሰዓት ላይ ድንገት እንቅልፍ ይጥለኛል፣ ሱብሒ ያልፈኛል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ጸጸት፣ ማታ ደግሞ «ዛሬም ባልተኛስ? ዛሬም ቢያልፈኝስ?» የሚል ፍርሃት። ኢማኔ የደከመ መሰለኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

በኋላ ከጀመዓችን አንድ የጤና ተማሪ ወንድም ነገሩን ሲያስረዳኝ የገባኝን ነው ዛሬ የምጽፈው። ብቻዬን እንዳልነበርኩም ያኔ ነው ያወቅሁት። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በጎንደርና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ከ2,000 በላይ ተማሪዎችን ያሳተፈ ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የእንቅልፍ ጥራታቸው ዝቅተኛ መሆኑን አሳይቷል። ከዶርም አልጋዎች ግማሾቹ ላይ ሰው ይገላበጣል ማለት ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ለፈተና ብሎ በፈቃዱ እያመሸ 4 ሰዓት ብቻ የሚተኛ ሰው የእንቅልፍ ማጣት ሕመም የለበትም፤ እሱ የሚያስፈልገው መተኛት ነው። እንቅልፍ ማጣት የሚባለው ጊዜውም አልጋውም እያለ እንቅልፉ እምቢ ሲልና ቀኑን ሲያበላሽ ነው። በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ እየሆነ 3 ወር ከቆየ ሐኪሞች ሥር የሰደደ ይሉታል።

እንቅልፍ እንዴት ይመጣል? አሌክሳንደር ቦርቤሊ የሚባል የዙሪክ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1982 ያቀረበው ማብራሪያ እስካሁን ይሠራበታል፤ ለእኛ ለኢንጂነሪንግ ሰዎች ደግሞ በጣም ይመቻል። ሁለት ነገሮች አብረው ይሠራሉ። አንደኛው እንደ ሮቶ ነው። ከነቃን ሰዓት ጀምሮ አንጎል ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ጠብ ጠብ እያለ ይጠራቀማል፤ ሮቶው በሞላ ቁጥር እንቅልፍ ይጫነናል፣ ስንተኛ ይጎድላል። ሁለተኛው ሰዓት ነው። አንጎል ውስጥ ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ሕዋሳት ያሉባት ትንሽ ቦታ አለች፤ መቼ መንቃት፣ መቼ መተኛት እንዳለብን ትመታለች። ሰዓቷን በየቀኑ የሚያስተካክላት በዋናነት የጠዋት ብርሃን ነው። ጥሩ እንቅልፍ የሚመጣው ሮቶው ሞልቶ ሰዓቱም ሲደርስ ነው።

አሁን እኔ ያደረግሁትን ተመልከቱ። እንቅልፉን «ቀድሜ ልያዘው» ብዬ ዒሻ እንደሰገድኩ 2 ሰዓት ላይ አልጋ እወጣለሁ፤ ሮቶው ገና ግማሽ ነው። ከሰዓት ከክላስ ስመለስ ሁለት ሰዓት እተኛለሁ፤ የተጠራቀመውን አፈሰስኩት። እንዳልደክም 10 ሰዓት ላይ ቡና እጠጣለሁ፣ ያውም አንዳንዴ እስከ በረካ። ቡና ሮቶውን አያጎድለውም፤ መሙላቱን የሚያሳየውን ጌጅ ነው የሚሸፍነው። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ይፈጅበታል። በ10 ሰዓት የጠጣሁት ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሩቡ አሁንም አለ። ይህ ሁሉ ሳያንስ በየሃያ ደቂቃው ስልኬን ከፍቼ ሰዓት አያለሁ፣ «አሁን ብተኛ 4 ሰዓት አገኛለሁ፣ አሁን ብተኛ 3 ሰዓት ተኩል» እያልኩ እቆጥራለሁ።

አርተር ስፒልማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ የእንቅልፍ ማጣትን ምክንያቶች በሦስት ይከፍላቸዋል፦ ሰውየውን ቀድሞውኑ የሚያጋልጠው፣ ነገሩን የሚጭረው፣ ከዚያም የሚያቆየው። የእኔን ብናይ ተጋላጭነቱ ምናልባት ከእናቴ የመጣ ነው፣ የጫረው የኔትወርኩ መቋረጥ ነው። ያቆየው ግን እኔው ራሴ እንቅልፍ ለማግኘት የማደርገው ትግል ነበር። በየሌሊቱ ሰዓታት ሙሉ አልጋ ላይ ስጨነቅ አንጎሌ አልጋን የጭንቀት ቦታ አድርጎ ለመደው። ላይብረሪ ውስጥ ሲያንቀላፋኝ ቆይቶ ትራስ ስነካ ዓይኔ የሚፈጠጠው ለዚህ ነበር።

መፍትሔውም ከዚሁ ይመጣል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት መጀመሪያ መሰጠት ያለበት ክኒን ሳይሆን ይህን ልማድ የሚቀይር ሕክምና ነው ብሏል። ዋናው ነገር አልጋ ላይ የምናሳልፈውን ጊዜ በእውነት ከምንተኛው ጋር ማቀራረብ ነው። እኔ ለአንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ደብተር ላይ በግምት ጻፍኩ (ሌሊት ሰዓት ሳላይ!)። አልጋ ላይ 9 ሰዓት፣ እንቅልፍ 5 ሰዓት። አምስት ለዘጠኝ ሲካፈል 56 በመቶ ነው። እንዲህ ዓይነት ኤፊሸንሲ ያለው ሞተር ላብ ውስጥ ብናገኝ ፈትተን እናየው ነበር። ስለዚህ ጊዜዬን ወደ 6 ሰዓት አጠበብኩት፦ ከሌሊቱ 5 ሰዓት በፊት አልጋ አልወጣም፣ 11 ሰዓት ላይ ግን ተኛሁም አልተኛሁም እነሳለሁ። በሳምንት አማካይ ውጤቱ 85 በመቶ ሲደርስ መኝታዬን በ15 ደቂቃ ቀድሜ እጀምራለሁ። ከ5 ሰዓት በታች ማጥበብ አይገባም። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም ስሜቱ ከልክ በላይ ከፍ ዝቅ የሚል ሰው ደግሞ ያለ ሐኪም እንዳይሞክረው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ከባድ ናቸው፤ አልዋሽም፣ ክላስ ውስጥ አንቀላፍቻለሁ።

እዚህ ላይ እኛ ሌሎች የሌላቸው ነገር አለን። ሕክምናው ከሁሉ አጥብቆ የሚጠይቀው መተኛውን ሳይሆን መነሻውን ሰዓት በየቀኑ፣ ቅዳሜና እሑድንም ጨምሮ፣ አንድ ማድረግን ነው። ሱብሒ ይህንኑ ያደርጋል። አገራችን ከምድር ወገብ ብዙ ስለማይርቅ የፀሐይ መውጫ በዓመት ውስጥ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ በጋ ላይ ሌሊቱ የሚጠፋባቸው የሰሜን አውሮፓ ወንድሞቻችን በዚህ ይቀኑብናል። ችግሩ ሱብሒ ሰግደን እስከ 3 ሰዓት መልሰን ስንተኛ ነው። ከሶላት በኋላ ወጥታችሁ ብርሃን እያያችሁ ተራመዱ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በፊት መተኛትን፣ ከዒሻ በኋላም ወሬን ይጠሉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። የዛሬው የዒሻ በኋላ ወሬ ስልክ ውስጥ ነው ያለው። ቀይሉላን በተመለከተ፣ ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው ከ20 ደቂቃ ባያስበልጥ፣ ቢቻል ለጊዜው ቢተወው ይሻለዋል እላለሁ።

ሁለተኛው ሕግ እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ መውረድ ነው። ወደ ሃያ ደቂቃ የሚሆን ሲመስላችሁ ተነሱ፣ ሲያንቀላፋችሁ ተመለሱ። መጻሕፍቱ «ወደ ሌላ ክፍል ሂዱ» ይላሉ። ስድስት ሰው ባለበት ዶርም፣ ያውም ተደራራቢ አልጋ ላይኛው ላይ ሆኖ ወዴት ይኬዳል? እኔ ጋቢዬን ደርቤ ወለሉ ላይ መስገጃዬን አንጥፌ እቀመጥ ነበር፤ መብራት ሳላበራ፣ ስልክ ሳልነካ። ዚክር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን «ስንት ሱብሓነላህ ስል ይወስደኝ ይሆን?» ብሎ መቁጠር ያው ሰዓት ማየት ነው። አልጋን ለጥናትም፣ ለምግብም፣ ለፊልምም መጠቀም ካለባችሁ (ዶርም ውስጥ ሌላ ወንበር የለም፣ አውቃለሁ) ቢያንስ ቀን እግርጌ፣ ሌሊት ራስጌ አድርጉት።

የተሀጁድ ነገርም ይነሳል። «እንቅልፍ ካጣሁ አይቀር ሌሊቱን በሙሉ ልስገድ» ያለ ወንድም አለ። የሰልማንና የአቡ ደርዳእን ታሪክ እናስታውስ። አቡ ደርዳእ በሌሊቱ መጀመሪያ ለሶላት ሊነሳ ሲል ሰልማን ተኛ አለው፣ ደግሞም ተኛ አለው፤ በሌሊቱ መጨረሻ ሁለቱም ተነስተው ሰገዱ፣ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ሰልማን እውነት ብሏል አሉ። ደወል ሞልቶ ተኝቶ ሶላት ያለፈው ሰውም ሲነቃ እንደሚሰግድ ተምረናል። ያ የጸጸት ሸክም ሲወርድልኝ ነው እንቅልፌ መመለስ የጀመረው።

ሌሎች ችግሮችን በአጭሩ። ነቅተን ሳለ ሰውነት አልንቀሳቀስ ሲለንና ደረታችን ላይ የሆነ ነገር የተቀመጠ ሲመስለን «ዱካክ ያዘኝ» እንላለን። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ጡንቻዎችን ያጠፋቸዋል፤ አንዳንዴ ንቃት ይቀድምና ጡንቻው ሳይበራ ይቀራል። በሰከንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃዎች ያልፋል። እንቅልፍ ያጣ ሰውና በጀርባው የሚተኛ ሰው ላይ ይበዛል። ጫት ያቆመ ሰው ላይ የሚመጣው ቅዠትም ቆይቶ የሚጠፋ ነው፤ እሱን ፈርቶ ወደ ጫቱ መመለስ ግን ነገሩን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። የመኝታ አዝካራችሁን አድርጉ፣ በቀኝ ጎናችሁ ተኙ፣ የእንቅልፍ ሰዓታችሁንም አስተካክሉ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ዲያዜፓም የመሰሉ ክኒኖችን ግን ከጓደኛ ተቀብላችሁ አትዋጡ። ቶሎ ይለመዳሉ፣ በድንገት ሲቆሙም እንቅልፍ ማጣቱ ብሶ ይመለሳል። በጣም የሚያንኮራፋና ተኝቶ ትንፋሹ የሚቆም ጓደኛ ካላችሁ ንገሩት፤ እሱ ራሱ አያውቀውም። ለቀናት ሳይተኛ ምንም ድካም የማይሰማው ሰው፣ ወይም እንቅልፍ ከማጣት ጋር መኖር ያስጠላው፣ ራሱን ስለመጉዳት የሚያስብ ሰው በዚያው ቀን ወደ ግቢው ክሊኒክ ይሂድ። ብቻውን መሄድ ከከበደው ከመካከላችን አንዱን ይዞ ይሂድ።

እኔ ወደ መደበኛው ለመመለስ ሰባት ሳምንት ፈጅቶብኛል። አሁንም ኔትወርክ ሲቋረጥ አንድ ሁለት ሌሊት ይሄዳል። ያኔ ወለሉ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ 11 ሰዓት ላይም እነሳለሁ። ክረምት ላይ ቤት ስገባ ለእናቴም ነግሬያታለሁ፤ ዝናብ ሲጥል አልጋ ላይ መገላበጡን ትታ ተነስታ እሳቱ አጠገብ ትቀመጣለች። «ወንዙ ሞልቶ እንደሆነማ ተነስቼ መጠበቄ አይከፋም» ትላለች።