ስለ ሐርድ ዲስክ ገጽ ምርመራ

የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ በነሐሴ ወር 2014 ዓ.ም. የነፃ ንግድ ቀጠና ሆኖአል፡፡ በዚሁ በኩል የኮምፒዩተር ዕቃ ለማስገባት የሚያስቡ አባሎቻችን ስለ ሐርድ ዲስክ ጥራት ጥቂት ቢያውቁ ይጠቀማሉ፡፡

በሐርድ ዲስክ ውስጥ ያለው ክብ ሳህን ከአሉሚኒየም ወይም ከመስተዋት ተሠርቶ በቀጭን የማግኔት ሽፋን የተለበጠ ነው፡፡ የማንበቢያው ራስ ሳህኑን ሳይነካ በጥቂት ናኖሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ያልፋል፤ 1 ናኖሜትርም የ1 ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ እጅ ነው፡፡ ስለዚህ ዓይን የማያየው እብጠት እንኳ ዲስኩን ሊያበላሽ ይችላል፡፡

ፋብሪካው ሳህኑን እያሽከረከረ የሌዘር ብርሃን ያበራበታል፡፡ ገጹ ልሙጥ የሆነ እንደሆነ ብርሃኑ በአንድ አቅጣጫ ይመለሳል፤ እንከን ካለበት ግን ይበተናል፡፡ ቀጥሎም የመፈተኛ ራስ እጅግ ዝቅ ብሎ ይሄድበታል፤ እብጠት የመታው እንደሆነ ሳህኑ ይጣላል፡፡

ይሁን እንጂ ፍጹም ንጹሕ ሳህን አይገኝም፡፡ ጥቃቅን እንከን ያለበት ስፍራ በመዝገብ ተጽፎ ይዘጋና ዲስኩ ይሸጣል፡፡ ይህ ማታለል አይደለም፤ የጣቃውን እንከን አስቀድሞ ቆጥሮ እንደሚሸጥ ጨርቅ ሠሪ መሆኑ ነው፡፡

ሁለተኛው መዝገብ ግን ዲስኩ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተበላሸውን ስፍራ ይቆጥራል፡፡ አዲስ ነው ተብሎ በሚሸጥ ዲስክ ላይ ይህ ቁጥር ዜሮ ሊሆን ይገባዋል፡፡ በኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚነበብ ስለሆነ፣ ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ያስነብብ፡፡