ጉልበት ሲያም እግር ወዴት ይዙር?

ጉልበቱን የሚያመው ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ክብደት እንዲቀንስና እንዲንቀሳቀስ ይመከራል፤ ሕመሙ ሲብስበት ማስታገሻ ይታዘዝለታል፤ መገጣጠሚያው ፈጽሞ ሲያልቅ ደግሞ በቀዶ ሕክምና በሰው ሠራሽ ይተካለታል። ከመጀመሪያው ክኒን እስከ ቀዶ ሕክምናው ያለው ጊዜ ግን ለብዙዎች የዓመታት ጉዞ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2019 መገጣጠሚያን የሚጎዳው ኦስቲዮአርትራይተስ የነበረባቸው ሰዎች 528 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ ከመገጣጠሚያዎች ሁሉ በብዛት የሚጠቃው ጉልበት ነው። በእነዚህ ዓመታት በሽተኛው በየቀኑ ሺህ ጊዜ የሚደጋግመው አንድ ነገር አለ፤ እርምጃው። አረማመድን ማስተካከል ራሱን የቻለ ሕክምና ሊሆን እንደሚችል ማስረጃው እየተጠናከረ ነው፤ የሚሠራው ግን ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ ተለክቶ ሲሰጥ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሸክም አከፋፈል ነው። ስንራመድ ጉልበታችን በእያንዳንዱ እርምጃ ከሰውነታችን ክብደት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ ጫና ይሸከማል። ከመሬት ወደ ላይ የሚመለሰው ኃይል በጉልበት መሐል ሳይሆን ወደ ውስጠኛው ጎን አድልቶ ስለሚያልፍ፣ ሁለቱ ጉልበቶች በሚተያዩበት በኩል ያለው ክፍል የበለጠውን ድርሻ ይወስዳል። አጥንቶቹ እንዳይፋተጉ የሚሸፍናቸው ካርቲሌጅም፣ በአንድ ወገን እንደሚበላ የጫማ ተረከዝ፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሳሳው በዚሁ በኩል ነው። ካርቲሌጅ የደም ሥር ስለሌለው አንዴ ከተጎዳ ራሱን ለመጠገን ይቸገራል። እንግዲህ የእግር ጣቶች በጥቂቱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ሲዞሩ ያ የኃይል መስመር ከጉልበቱ መሐል ያለው ርቀት ይለወጣል፤ በውስጠኛው ጎን ላይ የሚያርፈው ጫናም አብሮ ይለወጣል።

ይህን ሐሳብ የፈተነ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2025 ዘ ላንሴት ሩማቶሎጂ በተባለው መጽሔት ታትሟል። የዩታ፣ የኒውዮርክና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በውስጠኛው የጉልበታቸው ክፍል ቀላል ወይም መካከለኛ ጉዳት ያለባቸውን 68 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አስቀድሞ እያንዳንዱ ሰው በመራመጃ ማሽን ላይ እየሄደ እንቅስቃሴው በካሜራ ተለካ፤ ጫናውን ይበልጥ የሚቀንስለት ጣቱን ወደ ውስጥ ማዞር ይሁን ወደ ውጭ፣ 5 ዲግሪ ይሁን 10፣ በስሌት ተለየ። ከዚያ ለስድስት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅልጥም ላይ የታሰረ መሣሪያ እግሩ ከታዘዘለት ማዕዘን ሲወጣ እየነዘረ አስለመደው። ከዓመት በኋላ የሠለጠኑት ሰዎች ሕመም ከአሥር በሚቆጠር መለኪያ 2.5 ነጥብ ገደማ ቀንሶ ተገኘ፤ ከሌላው ቡድን ጋር ያለው ልዩነት 1.2 ነጥብ ነበር። በኤምአርአይ ሲታይም የካርቲሌጃቸው ጉዳት ከሌሎቹ ዝግ ብሎ ነበር የሚጓዘው።

እንክብካቤ ያገኘ ሰው ሁሉ ይሻለኛል ማለቱ የታወቀ ነው፤ ውጤቱ የዚህ ቢሆንስ የሚል ይኖራል። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ማነጻጸሪያው ቡድንም ጥቂት መሻል አሳይቷል። ግን እነዚህም ላቦራቶሪ ተመላልሰዋል፣ ያው መሣሪያ ታስሮላቸዋል፤ የታዘዘላቸው ማዕዘን የራሳቸው የቀድሞ አረማመድ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ። ስለዚህ ከእነሱ በላይ የተገኘው ለውጥ በእንክብካቤው ብቻ አይገለጽም።

የበለጠው ጥያቄ፣ ጫና መቀነስ ይህን ያህል ከጠቀመ ከዚህ በፊት የተሞከረው ለምን ከሸፈ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት 200 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሎ፣ ውጫዊ ጎኑ ከፍ ያለ የጫማ ውስጥ ንጣፍ ከጠፍጣፋው የተሻለ ጥቅም እንደሌለው አሳይቷል። ንጣፉ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። የአንዱን ጉልበት የሚያሳርፈው ለውጥ የሌላውን ሊያስጨንቅ ይችላል፤ ይህም ልክን መለየት ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዳል። በአዲሱ ጥናትም ማዕዘን ቢቀየርላቸው ጫናቸው የማይቀንስ ሰዎች አስቀድመው ተለይተው ወጥተዋል።

የዋጋው ነገር ግን ከባድ ነው፤ እንዲህ ያለ ላቦራቶሪ በሀብታም አገር ሆስፒታልም በቀላሉ አይገኝም። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የሠሩት ኦፕንካፕ የተባለ ሶፍትዌር በሁለት ስልክ ከተቀረጸ ቪዲዮ እንቅስቃሴን ስለሚያሰላ፣ ልኬቱ አንድ ቀን ተራ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሊደርስ ይችላል። እስከዚያው 68 ሰው ጥቂት መሆኑን፣ ዘዴውም ያለቀ መገጣጠሚያ ባላቸውና ውጫዊው ጎን በሚያማቸው ሰዎች ላይ እንዳልተፈተነ መያዝ ይገባል። ይህን አንብቦ ነገ ጣቱን በግምት አዙሮ የሚሄድ ሰው ጫናውን ሊያባብስ ይችላል፤ ከአረማመድ የሚገኘው እፎይታ የሚጀምረው ከልኬት ነው።