በነዳጅ ማማ እግር ላይ የበቀለው ኮራልና ሠላሳ ዓመት ያልበረደው ክርክር

በስኮትላንድና በኖርዌይ መካከል በተዘረጋው የሰሜን ባሕር ላይ ነዳጅ መውጣት ከጀመረ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል። ብዙዎቹ ጉድጓዶች ዛሬ ደርቀዋል ወይም ወጪያቸውን መሸፈን አቅቷቸዋል። የቀረው የማማዎቹ ጉዳይ ነው። በመርህ ደረጃ ሕጉ ያቆመ ያንሣ ይላል። ነገር ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ውሃ ውስጥ የቆመው የማማዎቹ እግር ኮራል አብቅሏል። ያውም በተፈጥሮ መኖሪያው ሳለ መንግሥታት እንዲጠበቅ የሚሟገቱለት የኮራል ዓይነት ነው። ብረቱ ሲነሣ ኮራሉም አብሮ ይሞታል። ታዲያ ማማው ይነሣ ወይስ ይቅር?

ክርክሩ ሲነሣ ኮራልን ያሰበ ሰው አልነበረም። ነገሩ የተጀመረው በ1995 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሼል ኩባንያ ብሬንት ስፓር የተባለውን 14,500 ቶን የሚመዝን ተንሳፋፊ የድፍድፍ ዘይት ማጠራቀሚያ ከ2,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው የአትላንቲክ ክፍል ሊያሰጥም አቀደ፤ የብሪታንያ መንግሥትም ፈቀደ። ግሪንፒስ የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት አባላት ማጠራቀሚያው ላይ ወጥተው ሰፈሩ። ጀርመን ውስጥ አሽከርካሪዎች ከሼል ማደያ ነዳጅ መቅዳት አቆሙ፤ ጥቃት የደረሰባቸው ማደያዎችም ነበሩ። ሰኔ ላይ ኩባንያው ዕቅዱን ሰረዘ። ግሪንፒስ በማጠራቀሚያው ውስጥ ቀርቷል ያለው የዘይት መጠን እጅግ የተጋነነ ሆኖ ስለተገኘ በዚያው ዓመት መስከረም ይቅርታ ጠየቀ። ውሳኔው ግን አልተቀለበሰም። ብሬንት ስፓር ወደ ኖርዌይ ተጎትቶ ተቆራረጠና ለወደብ መሠረት ሆነ። በ1998 ደግሞ የሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክን ጥበቃ የሚመራው ኦስፓር የተባለው ስምምነት አባል አገሮች ፖርቱጋል ውስጥ ተሰብስበው፣ አገልግሎቱ ያበቃ ማማ ባሕር ውስጥ እንዳይጣልም እንዳይተውም ከለከሉ። ልዩ ፈቃድ ሊጠየቅ የሚችለው በዋናነት ከ10,000 ቶን በላይ ለሚመዝኑ የቆዩ የብረት ማማዎች መሠረትና ለኮንክሪት ማማዎች ነው።

ይህ ውሳኔ ገና ሥራ ላይ በዋለበት በ1999 ሁለት ተመራማሪዎች ኔቸር መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ብሬንት ስፓር ላይ ሎፊሊያ ፐርቱሳ የተባለ የቀዝቃዛ ውሃ ኮራል በቅሎ ተገኝቷል የሚል ነበር። ያ ሁሉ ሰልፍና ቦይኮት የተደረገበት ብረት የኮራል ቤት ሆኖ ኖሯል። ግሪንፒስ ግን ከአቋሙ አልተነቃነቀም። ጫካ ውስጥ የተጣለ አሮጌ መኪና ላይ እጽ ቢበቅል፣ ወፍም ጎጆ ቢሠራበት፣ ጫካውን በአሮጌ መኪና ለመሙላት ምክንያት አይሆንም የሚል መልስ ሰጠ። መልሱ ዛሬም ሚዛን ይደፋል፤ የኮራሉን ጉዳይ ግን ጨርሶ አይዘጋውም።

ሎፊሊያ ብዙ ሰው በቀይ ባሕር ሥዕሎች ላይ ከሚያየውና ከውስጡ ካሉ ጥቃቅን እጽዋት መሰል ፍጥረታት ምግብ ከሚያገኘው ኮራል በተለየ ፀሐይ አይፈልግም። በጨለማና በብርድ ውሃ ውስጥ ጅረት የሚያመጣለትን ጥቃቅን ፍጥረት በጣት መሰል ቀጫጭን ክንዶቹ እየያዘ ይኖራል። እጩ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ብዙ ሳምንት ሊጓዝ ይችላል፤ ለመኖር ግን የሚጣበቅበት ጠንካራ ነገር የግድ ያስፈልገዋል። የሰሜን ባሕር ወለል አብዛኛው አሸዋና ጭቃ ነው። ማማ ሲተከል ያ የጠፋው ጠንካራ ነገር በድንገት ከወለል እስከ ውሃው ገጽ ተገኘ ማለት ነው። ከመርከብ በገመድ የሚመራ ባለካሜራ ሮቦት በአንዱ እግር ጎን ወደ ታች ሲወርድ የሚያሳየው ሥዕል እንደ ጥልቀቱ ይለያያል። ላይኛው ክፍል በባሕር ሣርና ማሰል በሚባሉ ጥቁር ባለቅርፊቶች ተሸፍኗል። ዝቅ ሲል አኒሞኒ የሚባሉ አበባ መሰል የባሕር እንስሳት ብረቱ እስከማይታይ ተጠጋግተው ቆመዋል። ከ60 ሜትር ገደማ በታች ብርሃኑ ሲደበዝዝ በየመጋጠሚያው ላይ ነጭና ብርቱካንማ የሎፊሊያ ጉብታዎች ይመጣሉ፤ ቅርንጫፎቻቸው እርስ በርስ ተጠላልፈዋል፣ ዓሦችም በዙሪያቸው ያንዣብባሉ።

እነዚህ ማማዎች ለሳይንስ ያበረከቱት ነገር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። በተፈጥሮ ዓለት ላይ ያለ ኮራል መቼ መብቀል እንደጀመረ ማወቅ ከባድ ነው። ማማ ግን የተተከለበት ዓመት በመዝገብ ሰፍሯል፤ በላዩ ያለው ኮራል ከዚያ ዓመት ሊቀድም አይችልም። መጠኑን ለዓመታቱ ማካፈል ብቻ ዝቅተኛውን የዕድገት ፍጥነት ይሰጣል። በ2006 የታተመ ጥናት 14 ማማዎችን ፈትሾ በ13ቱ ላይ ሎፊሊያ አግኝቷል፤ የተቆጠሩት ጉብታዎችም 947 ነበሩ። ስለዚህ የብሬንት ስፓሩ ኮራል የአጋጣሚ ነገር አልነበረም።

የማማዎቹ ጥቅም በዚህ አያበቃም። በእያንዳንዱ ማማ ዙሪያ 500 ሜትር ለደኅንነት ሲባል የተከለለ በመሆኑ ወለል ጠራጊ መረብ የሚጎትቱ መርከቦች አይገቡም። ኖርዌይ ውስጥ እነዚሁ መረቦች በተፈጥሮ የኮራል ዓለቶች ላይ ያደረሱት ጥፋት ከባድ በመሆኑ፣ መንግሥት በ1999 ዓለቶቹን የሚጠብቅ ሕግ ለማውጣት ተገዷል። በ2018 የወጣ የኤድንበርግ ተመራማሪዎች ጥናትም በኮምፒውተር ቀመር አንድ ነገር አሳይቷል፤ ከማማዎቹ የሚለቀቅ የሎፊሊያ እጭ በጅረት ተወስዶ በኖርዌይ ውሃ ውስጥ ኮራሉ ክፉኛ የተጎዳበት የተከለለ ሥፍራ ሊደርስ ይችላል። ማማዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲነሡ ያ የመተላለፊያ መረብ ይበጠሳል።

አሜሪካኖች ጥያቄውን በሌላ መንገድ መልሰውታል። በ1984 ሰው ሠራሽ የዓሣ መኖሪያን የሚያበረታታ ሕግ ወጣ፤ ሉዊዚያናና ቴክሳስም የየራሳቸውን ፕሮግራም ጀመሩ። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከ500 በላይ ማማዎች ላይኛው ክፍላቸው ተቆርጦ፣ በቦታቸው ተጋድመው ወይም ወደ ሌላ ሥፍራ ተጎትተው በባሕሩ ወለል ላይ ቀርተዋል። ኩባንያው ማንሣቱን በመተው ካዳነው ገንዘብ በተለምዶ ግማሹን ለግዛቱ ይሰጣል። እዚያ የተፈጥሮ ዓለት እምብዛም ስለሌለ ዓሣ አጥማጆችና ጠላቂዎች ፕሮግራሙን ይደግፉታል። በተለይ በፈንጂ ማንሣት በዙሪያው ያለውን ዓሣ በጅምላ የሚገድል በመሆኑ ድጋፋቸው ቢበረታ አይገርምም።

ሆኖም ማማ ላይ የሚበቅለው ሁሉ መልካም አይደለም። ቱባስትሪያ የተባለው ብርቱካንማ ኮራል የሕንድና የፓስፊክ ውቅያኖሶች ተወላጅ ነው። ዛሬ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ማማዎች ላይ ተንሰራፍቷል። በብራዚል ውሃ መጀመሪያ የታየውም በነዳጅ ማማዎች ላይ ነበር፤ ከዚያ የባሕር ዳርቻ ዓለቶችን ወርሮ የአገሩን ፍጥረታት እየገፋ ነው። ለአገሩ ኮራል መሸጋገሪያ የሆነው ብረት ለወራሪውም መሸጋገሪያ ይሆናል።

ከዚህ የከፋው ግን ከኮራሉ ሥር የተቀመጠው ነው። ሰሜን ባሕር ውስጥ ባለው የሼል የብሬንት ነዳጅ መስክ የተተከሉት ሦስት የኮንክሪት ማማዎች እያንዳንዳቸው ወደ 300,000 ቶን ይመዝናሉ፤ እግራቸው ሥር በድምሩ 64 ግዙፍ የኮንክሪት ጋኖች አሉ፤ ከነዚህም ድፍድፍ ዘይት ይጠራቀምባቸው የነበሩት ውስጥ በዘይት የተለወሰ ደለል ቀርቷል። ሼል ላይኛውን ክፍል አንሥቶ እግሮቹንና ጋኖቹን በቦታቸው ለመተው ፈቃድ ሲጠይቅ የጀርመን መንግሥት በ2019 ተቃወመ። መቃወሙም ልክ ነበር። ኮንክሪቱ መፈረሱ አይቀርም፤ ያን ቀን የሚወጣውን ዘይት ማን እንደሚያጸዳ ዛሬ በሕግ ካልታሰረ ነገ የሚጠየቅ ኩባንያ ላይኖር ይችላል።

ገንዘቡም ከሁሉም ኋላ አለ። በ2019 የብሪታንያ ዋና ኦዲት መሥሪያ ቤት እንዳመለከተው፣ ኩባንያዎች ማማ ሲያፈርሱ በሚያገኙት የግብር እፎይታ የተነሣ የመንግሥት ካዝና ወደ 24 ቢሊዮን ፓውንድ ያጣል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ስለዚህ በመተው የሚድነው ገንዘብ በከፊል የሕዝብ ነው፤ ክርክሩም ለኩባንያዎችና ለአካባቢ ጠበቆች ብቻ የሚተው አይደለም።

እንደ እኔ አመለካከት የኦስፓር ክልከላ ባለበት መቆየት አለበት። ልዩ ፈቃዱ ግን ኮራሉን በሚዛኑ ላይ ማስቀመጥ ይገባዋል። ንጹሕ የብረት ማማ ከሆነ፣ የታችኛው ክፍሉም የአገሩ ኮራል ይዞ ከተገኘ፣ ላይኛው ተቆርጦ መሠረቱ ይቅር። ለዚህም ሦስት ነገሮች አስቀድመው ይሟሉ፤ የሮቦቱ ምስል ለማንኛውም ተመራማሪ ይከፈት፣ የዳነው ገንዘብ ከግማሽ በላይ ለባሕር ጥበቃ ይዋል፣ የኩባንያው ተጠያቂነትም ማማው በወለሉ ላይ እስካለ ድረስ ይቀጥል። ዘይት የያዙት የብሬንት ጋኖች ግን በዚህ ውስጥ አይገቡም፤ ኮራል ቢኖርባቸውም ባይኖርባቸውም መጽዳት አለባቸው።