አምስት ቀን ተኩል

ኅዳር ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። የሚደውለው ሰው ይለያያል፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው። «አባታችን፣ ገና ዘንድሮ 28 ነው 29?» በክህነቱና በስብከቱ ላይ የባሕረ ሐሳብን፣ የበዓላትና የአጽዋማትን ስሌት፣ ማስተማርን የደረበ ሰው ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። መልሱ አጭር ነው፤ ከዘመነ ዮሐንስ በቀር ሁልጊዜ 29። ምክንያቱን ለመስማት ስልኩን ይዞ የሚቆይ ጥቂት ነው፤ እኔ ደግሞ የምወደው ምክንያቱን ነው። እመቤታችን መጋቢት 29 ፀንሳ በዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ወለደች። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ስትሆን፣ ቀጥሎ የሚመጣው ገና በ29 ቢከበር እርግዝናው በአንድ ቀን ይረዝማል። አባቶች ስለዚህ በዓሉን ወደ 28 ሳቡት። ለአንዲት እናት የእርግዝና ልክ ሲባል የአገር ሙሉ በዓል አንድ ቀን ይነሣል ማለት ነው።

ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነገሩ ከሌላ ጫፍ ይጀምራል። የዓመቱን ወንጌላዊ ለማግኘት ሰሌዳው ላይ 5500 ሲደመር 2018 ብዬ እጽፋለሁ፤ 7518 ይሆናል። ለአራት ሲካፈል ሁለት ይተርፋል፤ ሁለት ሲተርፍ ማርቆስ ነው። ልጆቹ ስሌቱን ወዲያው ይይዙታል፤ ስልካቸውን አውጥተው ከእኔ ይቀድማሉ። እጅ የሚያስነሣው 5500ው ነው። «ከየት መጣ?» ይላሉ። የብዙዎቻችን ልማድ «ዓመተ ፍዳ ነው» ብሎ ወደ መጥቅዕና አበቅቴ ማለፍ ነው። እኔ እዚህ ላይ እቆማለሁ፤ ሰዓቱ ቢያልቅም አይቆጨኝም።

ገድለ አዳም እንደሚተርከው፣ አዳም ከገነት ወጥቶ ሲያለቅስ ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ ከዘሩ ተወልዶ የሚያድነው እንደሚመጣ ተስፋ ተሰጠው። አዳም ቀኑን የለመደው ቀን መስሎት ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ወደ ቤቱ የሚመለስ መሰለው። ነገሩ አልገባህ ሲለውና አልቅሶ ሲጠይቅ ነው፣ አንዱ ቀን ሺህ ዓመት መሆኑ የተነገረው። አምስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት! ኦሪት ዘፍጥረት ደግሞ የአዳምን ዕድሜ 930 ይለዋል። ልጆቹ አሁንም በስልካቸው ይቀንሳሉ፤ 4570 ይቀራል። ቀጠሮው ቀን ተቆርጦለታል፤ ባለ ቀጠሮው ግን በሕይወት አይደርስበትም።

አንዲት ልጅ «ታዲያ ለአዳም ምን ጠቀመው?» አለችኝ። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ነገርኳት፤ ጌታ በዕለተ ዓርብ በነፍሱ ሲኦል ወርዶ አዳምን ከነልጆቹ ነጻ አወጣው፤ ተስፋው መቃብር ድረስ ተከትሎት ወርዷል። አልረካችም፤ ልክ ነበረች። የጠየቀችኝ አዳም በሕይወት ሳለ ስለ ነበሩት ማለዳዎች ነው። ከዚያ ወዲህ የምመልሰው እንዲህ ነው፦ አዳም የማይደርስበትን ቀን ለልጁ ለሴት ነገረው፤ ሴት ለሄኖስ ነገረው፤ እንዲህ እየተባለ ኢሳይያስና ሚክያስ ድረስ መጣ። ሚክያስ ቦታውን፣ ቤተ ልሔምን፣ ጨመረበት። ኢሳይያስ እናቲቱ ድንግል መሆኗን ጨመረበት። ከመካከላቸው ግርግሙን ያየ የለም። ሁላችንም ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ብለን የምንጾመው የእነዚህን ሰዎች ጾም ነው፤ ያልደረሰላቸውን ነገር ለሚደርስለት ሰው የጾሙትን።

ያው 5500 ግን ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ሲወጣ መልኩ ይለወጣል። ሽንኩርት ሲወደድ፣ ልጅ አባቱን ሲሰድብ፣ ክረምቱ ሲዘገይ፣ ታክሲ ውስጥ አንዱ ይተነፍስና «ስምንተኛው ሺህ!» ይላል። ሌላው ራሱን ይነቀንቃል፤ ነገሩ ተዘጋ። ይህን የሚሉ ሰዎች በየሳምንቱ ወደ እኔ ይመጣሉ። ከልባቸው የፈሩ ናቸው፤ ላሾፍባቸው አልችልም። ሰሌዳውን ግን አወጣላቸዋለሁ። ስምንተኛው ሺህ የገባው 7001 ላይ ነው። ከዚያ 5500 ቢቀነስ 1501 ዓ.ም. ይሆናል። በዚያ ዘመን ዙፋኑ ላይ የነበሩት ዐፄ ልብነ ድንግል ናቸው። ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1521 ዓ.ም.፣ ሽምብራ ኩሬ ላይ ሠራዊታቸው ተፈታ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ንጉሡ ከአምባ አምባ ሲንከራተቱ ሞቱ። ያኔ «አበቃ» ያለ ሰው ቢኖር ማን ይፈርድበታል? ስምንተኛው ሺህ ከገባ ከ500 ዓመት በላይ አልፏል፤ የዘንድሮው ዓመት ሲያልቅ ከስምንተኛው ሺህ ገና 482 ይቀራል።

የእኔ ክርክር እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። አባቶቻችን ይህን ቁጥር የቆጠሩት ወደሚያድናቸው ነው፤ እኛ የምንቆጥረው ወደሚያጠፋን ነው። ቁጥሩ ግን አንድ ነው፤ ሂሳቡን የሠሩት መምህራንም አንድ ናቸው። ዳግም ምጽአትን የሚጠብቅ ክርስቲያን የሚመጣውን ያውቀዋል፤ በበረት የተወለደው እርሱ ራሱ ነው። ይህን እያወቅን «ይመጣል» ሲባል ለምን ዱላ የያዘ እንግዳ ብቻ ይታየናል? ስብከታችን የራሱ እጅ አለበት። ፍርሃት ጉባኤ ይሞላል፤ ተስፋ ግን ብዙ ጊዜ ሰውን ወደ ቤቱ፣ ወደ ሥራው ነው የሚመልሰው።

በሌላ በኩል ደግሞ ቶሎ የሚደርስ አዳኝ ፍለጋ አለ። ይህም ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። ፍካሬ ኢየሱስ የሚባለው መጽሐፍ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚመጣ ይናገራል፤ ሕዝቡም ስሙን ይዞ ሲጠብቅ ኖረ። የቋራው ካሣ ኃይሉ የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ሲነግሡ ስማቸውን ቴዎድሮስ ያሉት ይህን እያወቁ ነው። ሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ ያለቀውን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስን የምወድ ሰው ነኝ፤ ሽጉጣቸው ሲነሣ ዛሬም ሆዴ ይባባል። ነገር ግን ለሰው ትከሻ የማይሆን ስም ነበር። በየዘመኑ መንግሥት ሲለወጥ «እሱ ነው» የምንል፣ በዓመቱ ደግሞ ያንኑ ሰው የምንረግም ሕዝብ ነን። የነቢያትን ጾም በደንብ የጾመ ሰው ይህ ጥድፊያ ትንሽ የሚቀንስለት ይመስለኛል።

በምዕራቡ ዓለም ያሉ ክርስቲያኖች ከልደት በፊት ያሉትን አራት እሑዶች አድቬንት ብለው በየሳምንቱ አንድ ሻማ ይጨምራሉ። የእኛዎቹ ሦስት ሳምንታት ናቸው፤ ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ስብከት፣ ከ14 እስከ 20 ብርሃን፣ ከ21 እስከ 27 ኖላዊ። በስብከት እሑድ ወንጌሉ ፊልጶስ ናትናኤልን ያገኘበት ነው። የሥርዓቱ አዘጋጆች ሰውን ያውቁ ነበር፤ የተስፋው ወቅት ሲከፈት መጀመሪያ አፉን የሚከፍተው፣ ከናዝሬት ምን ደግ ነገር ይወጣል ብሎ የሚጠራጠር ሰው ነው። ማንም አልገሠጸውም፤ መጥተህ እይ ነው የተባለው። ስለ ብርሃን ሳምንት ብዙ አልልም፤ ዘንድሮ እሑዱ ከታኅሣሥ 19 የገብርኤል ክብር ጋር ስለሚገጥም ለረጅም ስብከት የሚሆን ጆሮ አይገኝም።

ኖላዊን ግን ልለፈው አልችልም። ሰው «እረኛ» ሲባል የሚያረጋጋ ነገር ይጠብቃል፤ ዮሐንስ ምዕራፍ 10ም ይሰጠዋል። ምስባኩ የተወሰደበትን መዝሙር 79ን እስከ ታች ላነበበ ግን ጸሎቱ አቤቱታ ነው። እረኛው ይጠራና ይወቀሳል፦ የተከልከውን ወይን አጥሩን ለምን አፈረስህ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እየቀጠፈው ነው፣ እንባም ምግባችን ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ይህን ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት በዜማ ታስብለናለች። እኔ የክህነት ሥራዬን ብዙውን ከዚህ መዝሙር ነው የተማርኩት። ያዘነ ሰው ቤት ገብቶ «አይዞሽ፣ ለበጎ ነው» የማለት ችኮላ ነበረብን፤ መዝሙሩ ግን ያዘነው ሰው መጀመሪያ ክሱን እንዲጨርስ ይፈቅድለታል።

አንዲት እናት አለች፤ ልጇ በመተማ በኩል ወጥቶ ሊቢያ ከገባ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ዘመዶቿ ፍትሐት ይደረግለትና ዕርማችንን እናውጣ ይላሉ። እርሷ እምቢ አለች። በዚህ መሀል ደግሞ አንዱ ባሕታዊ ነኝ ባይ ለገና በር ያንኳኳል ብሎ ቀን ቆርጦላት ሄደ፤ ገናው መጣና አለፈ። ብር ሰጥታው እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ከሞት በላይ የሚያደክማት ያ የተቆረጠው ቀን እንደሆነ ግን ፊቷ ላይ አይቻለሁ። በስክሪንም በአዳራሽም «በዚህ ወር፣ በዚህ ሳምንት» እያሉ የሚያድሉትን ሳይ የምናደደው ለዚህ ነው። ኢሳይያስ ስለሚመጣው አዳኝ ሲናገር ለጎረቤቱ አንዲት ቀን አልቆረጠም።

«አባቴ፣ አንተ ምን ትላለህ?» አለችኝ።

«ይመጣል አልልሽም እናቴ፣ ሞቷልም አልልሽም፤ የማላውቀውን ነው» አልኳት። ያለኝን ግን ነገርኳት። በቅዳሴያችን ለነጋድያን፣ በመንገድ ላሉ ሁሉ፣ የሚጸለይ ጸሎት አለ፤ የክርስትና ስሙን ስጪኝ፣ ሰው ቁርጡን እስኪነግረን በዚያ እናስበው። ሰጠችኝ። ዘመዶቿ በዚህ አልተደሰቱም፤ አንዱ ወንድሟ «ቄሱ ያጓትቱታል» ብሎ ለዕድሩ ዳኛ ነገረ። ሊሆን ይችላል። ፍትሐትም ሆነ የተቆረጠ ቀን ነገሩን ይዘጋው ነበር፤ እርሷ ግን መዝጋት አልፈለገችም፤ ይህን የመከልከል ሥልጣን ክህነቴ ውስጥ አላገኘሁትም።

ይህን ስናገር መጥምቁ ዮሐንስን አስባለሁ። በስብከቱ ሁሉ «ይኸው» ብሎ በጣቱ ያሳየው እርሱ ነው፤ ከነቢያት ሁሉ ያየ ቢኖር እርሱ ነው። እስር ቤት ከገባ በኋላ ግን ደቀ መዛሙርቱን ልኮ አንተ ነህ ወይስ ሌላ እንጠብቅ ብሎ አስጠየቀ። መምህራን ይህን ሲተረጉሙ፣ ለደቀ መዛሙርቱ ብሎ ነው እንጂ እርሱስ አልተጠራጠረም ይላሉ፤ እቀበላለሁ። ቢሆንም የተላከለት መልስ ያስገርመኛል። ዕውሮች እንደሚያዩ፣ አንካሶች እንደሚሄዱ፣ ለድሆች ወንጌል እንደሚሰበክ ንገሩት ተባለ። ስለ እስር ቤቱ በር አንድ ቃል የለም። በሩ የተከፈተለትም አንገቱን ሊቆርጡት ሲመጡ ነው። ለሌሎች እየሆነ ያለውን ሰምቶ፣ ለእኔስ መቼ ሳይል መኖር የሚችል ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ራሴ ከዚያ ጥቂት ውስጥ አይደለሁም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ከልጆቹ አንዱ፣ ፈጣኑ፣ ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ «አባታችን፣ የመጀመሪያው መምጫ 5500 ከነበረ የሁለተኛውስ ስንት ነው?» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ስልኮች ተዘጋጁ። ባሕረ ሐሳብ ነነዌን ያወጣል፣ ዐቢይ ጾምን ያወጣል፣ ትንሣኤን፣ ዕርገትን፣ ጰራቅሊጦስን ያወጣል፤ ዓለም ቢቆይ የሺህ ዓመቱንም ያወጣል። ለዚያኛው ግን ቀመር የለውም፤ ሠርተውት የጠፋ ሳይሆን መጀመሪያውኑ አልሠሩለትም፤ ጌታ ራሱ ያቺን ቀን ከሰው ዕውቀት ውጭ አድርጓታልና። «እንዲያውስ የጾም መግቢያውን እንሥራ» አልኳቸው። 7518ን ለ19 ገደፍን፤ 13 ተረፈ። አንዱን ስለ ዘመን አተትን፤ ወንበር 12። አበቅቴ 12፣ መጥቅዕ 18። መስከረም 18 እሑድ ነበር፤ የእሑድ ተውሳክ 7። ነነዌ ጥር 25 ትገባለች።