ባል ዱላ ካነሳ «የግል አቤቱታ» የለም

ሰሞኑን በዋግ ኽምራ ከሰቆጣ እስከ ዝቋላ በየግሩፑ የሚዞር ጽሑፍ አለ። «የባልና ሚስት ጠብ የቤት ገመና ነው፣ ሚስት ካልከሰሰች ፖሊስ አያገባውም፣ ከታረቁም መዝገቡ ይዘጋል» ይላል። ሕግ ያልተማረ ሰው ቢያጋራው ባልከፋ፤ በሕግ ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ ከሥሩ «ትክክል» ብሎ ሲጽፍ ግን ያናድዳል። ጥቃት ምን እንደሆነ እዚህ አላብራራም፣ ቀጥታ ወደ ሕጉ።

1ኛ. የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት በአካል ጉዳት አንቀጾቹ እንደሚያስቀጣ በግልጽ ይናገራል። ባል መሆን ቅናሽ አያስገኝም። ጉዳቱ ከባድ ከሆነ (555) የማንም አቤቱታ አይጠበቅም። ስህተቱ የሚመነጨው ከ556 ነው፤ ንዑስ አንቀጽ 1 ቀላል ጉዳት በግል አቤቱታ (ተጎጂዋ ስታመለክት ብቻ) እንደሚያስከስስ ይላል፣ ሰዉም ማንበቡን እዚያው ላይ ያቆማል። ወረድ ብላችሁ ንዑስ 2ን አንብቡ። ድርጊቱ ጉዳት ማድረስ በሚችል መሣሪያ ከተፈጸመ፣ ወይም ተጎጂዋ ደካማ፣ ታማሚ፣ ራሷን መከላከል የማትችል ከሆነች፣ ክሱ የዐቃቤ ሕግ ነው፤ ቅጣቱም ከስድስት ወር እስራት አያንስም። ሽመል ጉዳት ያደርሳል ወይስ አያደርስም? ዘነዘናስ? አራስ ሴት ደካማ ካልተባለች ማን ሊባል ነው? «ቀላል ድብደባ» እየተባለ በእርቅ ከሚዘጋው ውስጥ ብዙው በዚህ ንዑስ አንቀጽ ሥር የሚወድቅ ነው።

2ኛ. በእጅ ብቻ መታት እንበል፣ አቤቱታው የእሷ ይሁን። ሕጉ ለግል አቤቱታ የሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነው። ሽምግልናው የሚጎዳት እዚህ ላይ ነው። ወላጆቿ ቤት ትገባለች፣ ሽማግሌ ይላካል፣ አጨዳው ይለፍ ይባላል፣ ጾሙ ይፈታ ይባላል፣ የንስሐ አባት ይጠየቃሉ። ሦስቱ ወር አለቀ። ዳግመኛ ሲመታት የመጀመሪያው ድብደባ በሕግ ፊት የሞተ ነው፣ እሱም ይህን ያውቃል። ከሳህላ ወይም ከአበርገሌ ተነስታ ለምትመጣ፣ ወይም በ2013 እና በ2014 ጦርነት ተፈናቅላ ሰቆጣ ለተጠለለች ሴት ደግሞ ሦስት ወር በመንገድና በእርዳታ ሰልፍ ብቻ የሚያልቅ ጊዜ ነው። ቋንቋም አለ። ሕገ መንግሥቱ ለተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይሰጣል (አንቀጽ 20)። ከኽምጣንኛ ሌላ የማትናገር ከሳሽ ፖሊስ ጣቢያ ስትደርስ የሚያስተረጉምላት የባሏ አጎት ከሆነ ምን ብላ ትናገር?

«ሽምግልናን ልታጠፉ ነው ወይ?» የሚል ይመጣል። ሽምግልና ቦታ አለው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) በቤተሰብ ክርክር፣ በሁለቱ ፈቃድ፣ በባህል መዳኘትን ይፈቅዳል። ንብረት ያካፍሉ፣ ዋስ ያስጠሩ። ወንጀል ግን የቤተሰብ ክርክር አይደለም። በእኛው አገር ነፍስ ሲጠፋ ሽማግሌ ደም ያደርቃል፣ ዐቃቤ ሕግ ግን መዝገቡን አይዘጋም፤ ማንም በዚህ ተቆጥቶ አያውቅም። ከሐምሌ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ፍርድ ቤት የማይደረስባቸው ቀበሌዎች አሉ፣ እውነት ነው። እዚያ ሽማግሌው ብቻ ሊኖር ይችላል። እንደዚያም ሆኖ ቀኑንና የተመታችበትን ነገር በወረቀት አስፍሮ ማቆየት ይቻላል።

«የዱላው ምክንያት ድህነትና ድርቅ ነው» የሚለው መልስም አያሳምነኝም። ድርቅ ያባብሳል እንጂ ዱላ አያስጨብጥም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው የብዙ አገሮች ጥናት ቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት ሴቶች 71 በመቶው ከአጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል፤ ቡታጅራ ዋግ አይደለችም። በ2016 እ.ኤ.አ. አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች 28 በመቶ ነበሩ። ይህን አይቶ «ሴቶቹን እናስተምር» ማለት ይቀላል። በጉራጌ 64 መንደሮች ቡና እየተፈላ የተሰጠ የ14 ክፍለ ጊዜ ትምህርት ግን ሲገመገም፣ ወሲባዊ ጥቃት ቀንሶ የታየው ወንዶቹ በተማሩበት ነው።

እኛ ጋ ግን በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት የሚወገዝበት ቀን ኅዳር 16 ሲደርስ ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ተመሳሳይ ተሳታፊ በተመሳሳይ አዳራሽ አበል ፈርሞ ይሄዳል፣ ሪፖርቱም «ግንዛቤ ተፈጥሯል» ይላል። በአንዱ ባነር ዋጋ የ556ን ንዑስ አንቀጽ 2 በኽምጣንኛና በአማርኛ አሳትሞ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት መለጠፍ ይቻል ነበር። ፖሊስ ጣቢያ ላላችሁ ደግሞ፦ የቃል መቀበያው ላይ «ታርቃችኋል ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «በምን መታሽ?» ብላችሁ ጻፉ። ዱላ ካለች መዝገቡ የእሷ አይደለም፣ የእናንተ ነው።