አሥር በር ባለው ግቢ፤ የኪራይ ቤት ሒሳብ

ከኢሲዮሎ የሚመጣው አስፋልት ተጠናቆ የጋራው የድንበር ኬላም ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ሞያሌ ውስጥ ማደሪያ ፈላጊው በዝቷል። ከወላጆቻችንም መካከል የዕቁብ ዕጣቸውን ወይም ዘመድ ከውጭ የላከላቸውን ገንዘብ በረድፍ ክፍሎች ላይ ለማዋል የሚያስቡ አሉ። የልጆቻቸው ክፍያ ከዚያ ኪራይ እንዲወጣ ስለሚጠብቁ ጉዳዩ እኛንም ይመለከተናል።

ሰው ከአንድ ትልቅ ቤት ይልቅ ብዙ ክፍል የሚመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዱ ቤት ተከራዩ የወጣ ዕለት ገቢው ይቆማል፤ ከአሥር ክፍል ሁለቱ ባዶ ቢሆኑ ግን ስምንቱ ይከፍላሉ። ክፍሎቹ ግድግዳ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድና የውሃ ሮቶ ስለሚጋሩ የግንባታ ወጪውም ይቀንሳል። ሆኖም አሥር በር ከከተማው መቀዝቀዝ አያድንም። ኢትዮጵያ በመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) በኮሮና ምክንያት የየብስ ድንበሯን ለመንገደኞች ዘግታ ነበር፤ አሥሩም በር መንገደኛ ብቻ የሚጠብቅ ከሆነ አሥሩም አብረው ይዘጋሉ። አስተማሪና ነርስ የተቀላቀሉበት ግቢ ይሻላል እንላለን።

አሁን ተማሪዎች እርሳስ ያንሡ። ለምሳሌ ያህል፣ አሥር ክፍል በ2,800,000 ሽልንግ ተሠርቶ እያንዳንዱ በወር 4,000 ቢከራይ በዓመት 480,000 ይሆናል። ብዙ ሰው ሒሳቡን እዚህ ላይ ይዘጋና «በስድስት ዓመት ገንዘቤን እመልሳለሁ» ይላል። እያንዳንዱ ክፍል በዓመት ሁለት ወር ባዶ ቢቆይስ? የሚሰበሰበው 400,000 ይሆናል። የኬንያ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ግብር ከጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 7.5 በመቶ ነው፤ የሚታሰበውም ከትርፉ ሳይሆን ከተሰበሰበው ኪራይ ላይ ስለሆነ 30,000 ይሄዳል። ለጥገና፣ ለጥበቃ፣ ጉድጓድ ለማስመጠጥና በድርቅ ወራት በቦቴ ለሚገዛ ውሃ 90,000 እንያዝ። የሚተርፈው 280,000 ነው። ያ ከወጣው ገንዘብ 10 በመቶ ነውና፣ ስድስት የተባለው ዓመት አሥር ሆነ ማለት ነው። ግማሹ በብድር ተሠርቶ ባንኩ በወር 25,000 የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ በዓመት 20,000 ከኪስ ይጨመራል፤ ከልጁ ክፍያ ላይ ማለት ነው።

ከሒሳቡ የሚቀድመው ግን መሬቱ ነው። ታላላቆቻችን «ትርፍ ቤት» የሚለውን ቃል ያስታውሳሉ፤ በ1967 ዓ.ም. ደርግ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ያከራዩ የነበሩ ሰዎች የሚኖሩበት አንድ ቤት ብቻ ቀረላቸው። ዛሬም በኢትዮጵያ ቤቱ የግል ሲሆን መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በእኛ በኩል የ2010ሩ (እ.ኤ.አ.) የኬንያ ሕገ መንግሥት ለኬንያ ዜጋ ሙሉ ባለቤትነትን ይፈቅዳል፤ ዜግነት የሌለው ግን ከ99 ዓመት ያልበለጠ ሊዝ ብቻ ነው ሊይዝ የሚችለው። በቤተሰብ ውስጥ የሁለት አገር መታወቂያ በሚገኝባት ከተማችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስምምነቱ በማን ስም እንደሚጻፍ ገንዘቡ ሳይዋጣ መነጋገር ያስፈልጋል።

ሌላም አለ። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የማኅበረሰብ መሬት ሕግ መሠረት ያልተመዘገበ የማኅበረሰብ መሬትን ካውንቲው በአደራ ይይዛል እንጂ አይሸጥም። እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ሽማግሌ የፈረመበት የሽያጭ ወረቀት የባለቤትነት ማስረጃ አይሆንም፤ ባንክም መያዣ አድርጎ አይቀበለውም። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈል በፊት መሬት መዝገብ ቤት ሄዶ ቦታው በማን ስም እንዳለ በጽሑፍ ማጣራት ይገባል።