የፎቶግራፍ ቀለም ከሶፍትዌር ወደ ሶፍትዌር ለምን ይለዋወጣል?

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕዝብ ግንኙነት ክፍሎች የሚያነሷቸው ፎቶግራፎች ከካሜራ ወጥተው ለኅትመት እስኪበቁ ድረስ በበርካታ ኮምፒዩተሮችና ሶፍትዌሮች ያልፋሉ። በአንዱ ሶፍትዌር ደምቆ የታየ ምስል በሌላው ሲከፈት ደብዝዞ፣ በመጽሔት ላይ ሲታተም ደግሞ ጠቁሮ መገኘቱ በሥራው የተሰማሩ ባለሙያዎች ደጋግመው የሚገጥማቸው ችግር ነው።

ችግሩ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 3 የሰንደቅ ዓላማው ቀለማት ከላይ አረንጓዴ፣ ከመሐል ቢጫ፣ ከታች ቀይ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ቢጫው ወደ ብርቱካንማ አድልቶ የታተመ መጽሔት የመሥሪያ ቤቱን ስም የሚነካ ከመሆኑም በላይ እንደገና ይታተም ከተባለ ተጨማሪ ወጪ ያስከትላል። ከስንዴ ማሳ የተላከ ፎቶግራፍ ቀለሙ ሲዛባም ቢጫ ዋግን ቀላ ካለው የግንድ ዋግ ለመለየት ከሚረዱት ምልክቶች አንዱ ይበላሻል።

የችግሩ መነሻ ኮምፒዩተር ቀለምን የሚመዘግብበት መንገድ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ በሦስት ቁጥሮች ይመዘገባል፤ እነዚህም የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠኖች ሲሆኑ ብዙውን ጊዜ ከ0 እስከ 255 ይደርሳሉ። ይሁን እንጂ ቁጥሮቹ መጠኑን እንጂ ቀዩ የትኛው ቀይ፣ አረንጓዴውም የትኛው አረንጓዴ እንደሆነ አይገልጹም። ይህም «ሦስት ቁና ጤፍ» እንደማለት ነው፤ የቁናው ልክ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የየትኛው አካባቢ ቁና እንደሆነ ካልተነገረ የእህሉን መጠን ማወቅ አይቻልም።

የቁናውን ልክ የሚነግረው ከምስሉ ጋር የሚያያዘው የቀለም ፕሮፋይል ነው። ፕሮፋይሎች በሁሉም መሣሪያዎች ላይ በአንድ ዓይነት ሥርዓት እንዲሠሩ ለማድረግ አፕል፣ ማይክሮሶፍት፣ አዶቤና ኮዳክን ጨምሮ ስምንት ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ዓለም አቀፉን የቀለም ኅብረት፣ በምሕጻሩ አይ.ሲ.ሲ.ን አቋቁመዋል።

በስፋት የሚሠራበት ኤስ.አር.ጂ.ቢ. የተባለው የቀለም ልክ እ.ኤ.አ. በ1996 በሂውሌት ፓካርድና በማይክሮሶፍት የቀረበ ሲሆን፣ በ1999 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ጸድቋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው አዶቤ አር.ጂ.ቢ. በተለይ በአረንጓዴ በኩል ከዚህ የሰፋ ነው። የቅርብ ዓመታት አንዳንድ የእጅ ስልኮች ደግሞ ዲስፕሌይ ፒ.3 በተባለ ሌላ ሰፊ ልክ ፎቶግራፍ ያነሳሉ።

በአዶቤ አር.ጂ.ቢ. የተቀመጠን ፎቶግራፍ ፕሮፋይል የማያነብ ሶፍትዌር ሲከፍተው ቁጥሮቹን በጠባቡ ልክ ስለሚተረጉማቸው ምስሉ ይደበዝዛል። ፕሮፋይሉ ከፋይሉ ላይ ከጠፋም እያንዳንዱ ሶፍትዌር በራሱ ግምት ስለሚሠራ ውጤቱ ይለያያል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ሌላው ጉዳይ ፕሮፋይል መመደብና ወደ ፕሮፋይል መለወጥ የተለያዩ ተግባራት መሆናቸው ነው። መመደብ ቁጥሮቹን ሳይነካ ትርጉማቸውን ስለሚቀይር የምስሉ መልክ ይለወጣል፤ እህሉን በአዲስ ሳይሰፍሩ የቁናውን ስም ብቻ እንደመቀየር ነው። መለወጥ ግን መልኩ በተቻለ መጠን እንዲጠበቅ ቁጥሮቹን በአዲሱ ልክ ያሰላል። ስለሆነም ፕሮፋይል ያለውን ምስል ወደ ሌላ ልክ ለማዛወር ትክክለኛው መንገድ መለወጥ ሲሆን፣ መመደብ የሚያስፈልገው ምስሉ ፕሮፋይል ሳይኖረው ሲቀርና ትክክለኛው ልክ ሲታወቅ ነው።

የችግሩን ምንጭ ለመለየት አንዱን ፎቶግራፍ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ በሁለት ሶፍትዌሮች ከፍቶ ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ቀለሙ ከተለያየ ምክንያቱ በአብዛኛው የፕሮፋይል አያያዝ ነው። በሁለቱም አንድ ሆኖ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ከተለወጠ ግን ሊመረመር የሚገባው ሞኒተሩ ነው። ሞኒተሮች ከአገልግሎት ብዛት ብርሃናቸውና ቀለማቸው ስለሚለወጥ በቀለም መለኪያ መሣሪያ በየጊዜው መስተካከል ይኖርባቸዋል።

መሥሪያ ቤቶች ለዕለት ተዕለት ሥራቸው አንድ የጋራ ልክ ሊወስኑ ይገባል፤ ለድረ ገጽና ለስክሪን ኤስ.አር.ጂ.ቢ. ይመረጣል። እንደ ፎቶሾፕና ጂምፕ ያሉ ሶፍትዌሮች ከምስሉ ጋር የመጣውን ፕሮፋይል እንዲጠብቁ ሆነው መስተካከል አለባቸው። ፋይሉ ሲቀመጥም ፕሮፋይሉ አብሮ መያያዙን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በስልክ የመልእክት መለዋወጫዎች በፎቶ መልክ የሚላክ ምስል ተጨምቆ ስለሚጻፍ ተያያዥ መረጃዎቹ ሊጠፉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ዋናውን በፋይል መልክ መላክ ይሻላል።

ለኅትመት የሚውል ምስል በመጨረሻ ሲ.ኤም.ዋይ.ኬ. ወደተባሉት አራት የማተሚያ ቀለሞች ይለወጣል። በስክሪን ላይ የሚታዩ አንዳንድ ደማቅ አረንጓዴዎችና ሰማያዊዎች በእነዚህ ቀለሞች ሊወጡ ስለማይችሉ የተወሰነ ልዩነት መኖሩ አይቀርም። ልዩነቱን አስቀድሞ ለማወቅ ማተሚያ ቤቱ የሚጠቀምበትን ፕሮፋይል መጠየቅ፣ ለውጡን በቅጂው ላይ በመጨረሻ አንድ ጊዜ ብቻ ማከናወንና የሙከራ ኅትመቱን ተመልክቶ ማጽደቅ ተገቢ ነው። ዋናው ፎቶግራፍ ግን ከነፕሮፋይሉ ሳይነካ በማኅደር ሊቀመጥ ይገባዋል።

ለእነዚህ ተግባራት የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ወጥ የሆነ የሥራ መመሪያና ለባለሙያዎች የሚሰጥ አጭር ሥልጠና ነው። ፎቶግራፍ አንሺው፣ አርታኢውና ማተሚያ ቤቱ በአንድ ቁና ሲሰፍሩ በማሳው ወይም በአደባባዩ የታየው ቀለም ለአንባቢው ሳይዛባ ሊደርስ ይችላል።